ቱቦው ዳግም አልወጣም፤ እጇ ይባረክ

የውሃ ማጣሪያ ገጣጥሜ የምሸጥ ሰው ነኝ። ቱቦውን ፊቲንጉ (ማገናኛው) ውስጥ ትገፋዋለህ፣ ውስጡ ያለው ጥርስ ይይዘዋል፣ አለቀ። እኔማ አለቀ ብዬ ነበር። አንድ ደንበኛዬ ሌሊት ደውሎ «ወጥ ቤቴ ኩሬ ሆኗል» እስኪለኝ ድረስ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሁለት ቤት ተደገመ።

በሰው ጥቆማ አንዲት መካኒካል ኢንጂነር አገኘሁ። ስሜን እንዳትጠራ ስላለችኝ አልጠራም። መጀመሪያ ያየችው ፊቲንጉን አይደለም፤ ተፈናጥሮ የወጣውን የቱቦ ጫፍ ነው። በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። ጥርሶቹ የጫሩት ምልክት ለጫፉ በጣም ቅርብ ነው።

«እስከ መጨረሻው አልገባም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱቦው ሲገፋ መጀመሪያ የሚያገኘው ጥርስ ያለውን ቀለበት ነው፤ ቀጥሎ ኦሪንጉን፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት። ኦሪንጉ ጋ ሲደርስ ይከብዳል። ገጣሚው ክብደቱን «ደረሰ» ብሎ ይወስደዋል። ሳብ ቢያደርገውም አይወጣም፣ ጥርሱ ይዞታላ። ጫፉ ግን ኦሪንጉ መሃል ላይ ቀርቷል። ገጣሚው ያው እኔው ነኝ።

ሁለቱ ቤት በዚህ ነው የተበላሸው። ሦስተኛው ጋ ጥፋተኛው ባልዲ ነበር። ቱቦውን እየተጫነ የመልቀቂያውን ቀለበት (ሲጫኑት ጥርሱ ቱቦውን የሚለቅበትን) ወደ ውስጥ ሲገፋው ከርሟል።

እኔ መልቀቂያው ሥር ክሊፕ እናስገባና ይብቃን አልኩ። ለባልዲው መድኃኒት ነው፤ መልቀቂያው እንዳይገፋ ያግደዋል። ግማሽ የገባ ቱቦ ላይም ግን ያው ክሊፕ ቀጭ ብሎ ይገባል። «ውሸታም ክሊፕ» ትለዋለች።

እሷ የሠራችው ቱቦው ላይ ራሱ ይጀምራል። ከጫፉ በተለካ ርቀት ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት ተጨምቆ ይታሰራል። ቱቦው ለስላሳ ስለሆነ እንዳይጨማደድ ከውስጡ ደጋፊ ይገባለታል። ከፊቲንጉ ላይ ደግሞ ቢጫ መቆለፊያ ይታጠፍና ከቀለበቱ ኋላ ይቀመጣል። ቱቦው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከጎደለ ቀለበቱ መንገድ ላይ ይቆማል፣ መቆለፊያው አይዘጋም። ቢጫው ተገትሮ ሲቀር ከሩቅ ይታያል። በቃ፣ መዋሸት አይችልም።

የወደድኩት ግን ክፍተቱን ነው። በቀለበቱና በመቆለፊያው መካከል ሆን ብላ ትንሽ ክፍተት ትታለች። በደህናው ቀን ሸክሙን የሚሸከመው ጥርሱ ብቻ ነው፤ መቆለፊያው እየተጎተተ አያረጅም። ጥርሱ ከከዳ ቱቦው ያቺን ታህል ሸርተት ብሎ ይያዛል፣ ኦሪንጉም ገና አልለቀቀውም።

ሙከራው ላይ ጉድ አየሁ። ጥርሶቹን ሙሉ በሙሉ አውጥታ በመቆለፊያው ብቻ 10 ባር ግፊት ለቀቀችበት። በ12 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ይሄ ከ11 ኪሎ በላይ እንደማንጠልጠል ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቢሆን 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ መሆኑን ያኔ ነው የገባኝ። ቀጥላ መቆለፊያውን አውጥታ ጥርሱን ለብቻው ፈተነችው። ሁለቱም ብቻቸውን ካልቻሉ መጠባበቂያ አለ አይባልም ባይ ናት።

በመንገዷም መደርደሪያዬን ፈትሻ 6 ሚሊ ሜትርና ሩብ ኢንች ቱቦ አንድ ሳጥን ውስጥ አገኘች። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊቲንጋቸው አንድ አይደለም። አፍሬ ዝም አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ካለችው ቀን ሁለት ሳምንት ዘግይታለች። የመጀመሪያው መቆለፊያም በእርጥብ እጅ አልከፈት ብሎ ጥፍሬን ሰብሮኛል። ሳልጨቀጭቃት ግን ራሷ አሻሽላ፣ ጣት የሚይዝበት ጠርዝ ጨምራ አመጣችው።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት የደወለልኝ የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ተፈናጥሮ የወጣውን ቱቦ ይዛችሁላት ሂዱ። ጫፉን እንዳትቆርጡት።