«ካይት ራነር»ን ጣና ዳር አነበብኩት

መጽሐፉን የገዛሁት ባሕር ዳር መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ልጅ ነው፤ በ300 ብር። እንግሊዝኛው ነው። ፎቶ ኮፒ መሆኑን ያወቅሁት ቤት ገብቼ ስገልጠው ነው። ሙጫው አይዝም። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሳነብ የከሰዓቱ ነፋስ ሁለት ቅጠል ነጥቆኝ ደንገል ለደንገል ተሯሩጬ ለቀምኩ። ስለ ካይት አሯሯጭ የሚያወራ መጽሐፍ አንባቢውንም አሯሯጠ።

የአፍጋኒስታን ተወላጁ ኻሊድ ሆሴይኒ ሐኪም ሳለ የጻፈው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003። አሚር የካቡል ሀብታም ልጅ ነው፣ የበላይነቱን ከያዘው ከፓሽቱን ብሔር። ሐሰን የዚያው ቤት አሽከር ልጅ ነው፣ ከሚናቀው ከሀዛራ ብሔር። ሁለቱም ያለ እናት ያደጉ፣ ከአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ናቸው። እኛ ዘንድ የጡት ወንድማማች ይባሉ ነበር። እዚያ ግን አንዱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሌላው ሸሚዝ ይተኩስለታል።

ካይቱ፣ በክር ተይዞ በነፋስ የሚበርረው መጫወቻ፣ የኛ ልጆች ከፌስታልና ከስንጥር እንደሚሠሩት ዓይነት አይደለም። ክሩ የሌላውን ክር እንዲቆርጥ በሙጫና በተፈጨ መስታወት ይቀባል፤ የሚያበርረውንም እጅ ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ ተቆርጦ የወደቀውን ሮጦ የያዘ ልጅ ክብሩ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ክረምት (የእነሱ ክረምት በረዶ ነው) አሚር ያሸንፋል፤ ሐሰን ሰማያዊውን ካይት ሊያመጣለት ይሮጣል። አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ጉልበተኞች ይይዙታል። የሚደርስበትን አልናገርም። አሚር ተደብቆ ያያል፣ ከዚያ ይሸሻል።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሚር የሐሰንን ፊት ማየት ያቅተዋል። ስለዚህ የራሱን የእጅ ሰዓትና ጥቂት ገንዘብ ወስዶ ሐሰን ፍራሽ ሥር ይሸጉጣል። «ሰርቀሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሐሰን «አዎ» ይላል።

መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከአቸፈር የመጣች እኩያዬ ነበረች። ቀን ዕቃ ታጥባለች፤ ማታ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን ተረት ትነግረኛለች። አንድ ቀን የእናቴን የጆሮ ወርቅ ሰርቄ አድርጌ ሐይቁ ዳር ስዘል አንዱ ወደቀብኝ። ቤት ሲፈለግ ዝም አልኩ። ማንም ስሟን አልጠራም፤ ሁሉም ግን ዞሮ እሷን አየ። በሦስተኛው ቀን ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ሄደች። ፍራሽ ሥር የሸጎጥኩት ነገር የለም። አያስፈልግም ነበር።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ሶቪየቶች ሲገቡ አባትና ልጅ ተሰደው ካሊፎርኒያ ይደርሳሉ። ያ ካቡል የሚያከብረው አባት ነዳጅ ማደያ ተቀጥሮ፣ በእረፍት ቀኑ አሮጌ ዕቃ ሲቸረችር የሚታይበት ክፍል ድንቅ ነው፤ ስደተኛ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከፓኪስታን፣ ከፔሻዋር ከተማ ስልክ ይደወላል፤ አሚርም የሐሰንን ልጅ ሊያወጣ ታሊባን ወደያዘው ካቡል ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ደራሲው ክሩን ሁሉ ካልቋጠርኩ ይላል። የልጅነቱ ጉልበተኛ የታሊባን ሹም ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የሐሰን ልጅ እንደ አባቱ ወንጭፍ ይዟል፤ አሚር ሲደበደብ የሚሰነጠቀው ከንፈሩ እንኳ ሐሰን ተሰንጥቆ የተወለደበት ቦታ ነው። ኧረ በዛ!

አሚር እየተደበደበ ይስቃል፤ ቀለለው። የእኔ የንስሐ አባት ቢሆኑ ግን «የበደልከውን ክሰሃል ወይ?» ይሉት ነበር። ሐሰን ይቅርታውን በጆሮው ሳይሰማ ተገድሏል። በመጽሐፉ ሙሉም ከአንዲት ደብዳቤውና የአሚር አባት ወዳጅ ከሚተርከው አንድ ምዕራፍ በቀር ሐሰንን የምንሰማው በአሚር አንደበት ነው፤ አይቆጣም፣ አያማርርም፣ ክፉ አይወጣውም። መጀመሪያ የደራሲው ድካም መሰለኝና ተናደድኩ። ኋላ ግን እኔስ ስለዚያች ልጅ ምን ልጽፍ እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ለእኔም ሲደወል ከፔሻዋር ሳይሆን ከአቸፈር ነው፤ ግን ማን ይደውልልኛል? ሄጄ ልጠይቅ ብል ማን ብዬ? ሦስት ዓመት አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን የአባቷን ስም ጠይቄአት አላውቅም።