ዊኪሚዲያ ኮመንስ፦ ለሰሜን ሸዋ የቆዩ ፎቶግራፎች ምን ያህል ይታመናል?

የደብረ ብርሃንን፣ የአንኮበርን ወይም የመንዝን የቀድሞ ገጽታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለመጽሔት ወይም ለማኅበር በዓል ኅትመት የሚፈልግ ሰው ዊኪሚዲያ ኮመንስን ሳይጎበኝ አይቀርም። አገልግሎቱ በነጻ የሚገኝ የምስል ማከማቻ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ምስል ሥር የቅጂ መብቱ አልቆ ፐብሊክ ዶሜይን ውስጥ (ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀምባቸው ከሚችሉ ሥራዎች መካከል) መግባት አለመግባቱን የሚገልጽ ምልክት ያኖራል። አንድን የቆየ ፎቶግራፍ እንዴት መመርመር እንደሚገባ በማስተማር ረገድ ከዚህ የተሻለ አገልግሎት አላውቅም፤ ምልክቱን ብቻ አይቶ ወደ ማተሚያ ቤት መሄድን ግን አልመክርም።

ትልቁ ጥንካሬው ማን አነሣው፣ መቼ ተነሣ፣ መጀመሪያ የታተመው የት ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ማስቀደሙ ነው። ፎቶግራፉ በምንጭ አገሩም (መጀመሪያ በታተመበት አገር) ሆነ በአሜሪካ ሕግ ነጻ መሆን አለበት፤ ይህንንም የማስረዳት ኃላፊነት የተጣለው ምስሉን በጫነው ሰው ላይ ነው። ይህ አሠራር ለእኛ አካባቢ ብዙ ትርጉም አለው። አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ጣቢያ ነበረው፤ በጣሊያናዊ ተነሥቶ ሮም ላይ መጀመሪያ የታተመ ምስል መልክዓ ምድሩ የሸዋ ቢሆንም የሚመዘነው በጣሊያን ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ተራ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ይጠበቅ የነበረው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ20 ዓመት ሲሆን፣ የፈጠራ ሥራ የሆነው ግን አንሺው ካረፈ በኋላ ለ70 ዓመት ይጠበቃል። ሁለቱን መለየት ለባለሙያም ቀላል አይደለም።

አገር ውስጥ ለተነሡት መነሻው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። እዚህ ላይ የኮመንስ ድክመት ጎልቶ ይታያል፤ ምስል ሲጫን የሚሞላው ቅጽ የተዘጋጀው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን፣ በየቤታችን ባሉት ፎቶግራፎች ጀርባ፣ ከፎቶ ቤቱ ሐምራዊ ማኅተም አጠገብ የሚገኘው ዓመት ግን የእኛ ነው። ጀርባው ላይ «ግንቦት 1995» ተብሎ የተጻፈበትን ፎቶግራፍ እንውሰድ። ይህን እንዳለ የገለበጠ ሰው 25 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2020 አልቋል ብሎ ይደመድማል፤ ፎቶግራፉ የተነሣው ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 በመሆኑ ጥበቃው የሚያበቃው ግንቦት 2020 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሰፈረውን ዓመት ከማመን በፊት የፎቶግራፉ ጀርባም ስካን ተደርጎ መቅረቡን መመልከት ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር ምስሎቹን የሚጭነው ማንኛውም ሰው መሆኑ ነው። «ከቤተሰብ አልበም የተገኘ» የሚል መግለጫ የወረቀቱን ባለቤት ይናገር ይሆናል እንጂ የአንሺውን መብት አይወስንም፤ ፎቶግራፉን አልበሙ ውስጥ ያኖረው ሰውና ፎቶ ቤቱ የተለያዩ ናቸውና። በአንጻሩ መብቱ ያለቀን ፎቶግራፍ ስካን አድርጎ የራስን ስም በላዩ መጻፍ አዲስ መብት እንደማያስገኝ ኮመንስ በጽኑ መያዙን እደግፋለሁ፤ የአባቶቻችን ምስል በዚህ መንገድ እንደገና መታጠር የለበትም።

የቅጂ መብት ማለቅ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየውን ሰው መብት አያስቀርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። ኮመንስም ይህን የሚያስጠነቅቅ ምልክት አለው፤ ነገር ግን ፈቃድ አይጠይቅልንም። የአንኮበርን ተራራ ለማተም የምንፈልግ ከሆነ ይህ አያሳስብም። የሠርግ ወይም የተዝካር ፎቶግራፍ ከሆነ ግን ከመታተሙ በፊት ቤተሰቡን በአካል ሄዶ ማነጋገር ይገባል።