ለሙት ዓመት የሚታተም የኪስ የግጥም መድበል (ደሴ)

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ለሙት ዓመት የሐዘን ግጥም በኪስ መጠን የሚያትም አንድ ማተሚያ ቤት ደሴ ውስጥ አለ። ስፌቱ ጠንካራ ነው፤ የሚያሳዝነው የፊደል አጣጣሉ ነው። የወል ቤት (በአማርኛ ግጥም የተለመደው ምት) ስንኝ 6 በ6 ቀለም (ክፍለ ቃል) ሆኖ መሃሉ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለውን እንውሰድ፦

አደይ በመስከረም ሜዳውን ሲያለብሰው፣
የኔን ዘር ካፈር ውስጥ ማን ጠርቶ ይመልሰው?

ሰሙ የእህል ዘር፣ ወርቁ የተቀበረ ልጅ ነው። ኤ6 (የኤ4 ሩብ) ገጽ ላይ በ14 ነጥብ የፊደል መጠን ሲጣል «ይመልሰው» ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፤ ቤት መምታቱም ዕረፍቱም ይበላሻል። 12 ነጥብ፣ ኅዳጉም 1.5 ሴንቲሜትር ይሁን ብላችሁ እዘዙ።

32 ገጽ ከ4 ኤ4 ወረቀት ይወጣል፤ ሁለት ስቴፕል ይበቃዋል። 64 ገጽ ሲሆን የውስጦቹ ወረቀቶች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሲከረከሙ ኅዳጉ ይጠብባል።

ሽፋኑ ላይ ሁሌ የሚለጥፉት የአደይ አበባ ፎቶ ግን ይቅር። ግጥሙ «መስክ ታድሷል፣ ሰው ግን አልተመለሰም» እያለ ሽፋኑ አስቀድሞ ያጽናናል (ለቀስተኛን ከደጅ «አይዞህ» ብሎ እንደ መሸኘት ነው)። ባዶ ማኒላ ወረቀት ይሻላል። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ አሳትማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።