ከሐዋሳ ሆኜ ቤዝቦል ማየት፦ ስለ ስርጭቱም፣ ስለ ማሪነርስ ዱላም

ወንድሜ የሚኖረው ሲያትል ነው። የእኔ የባንክ ካርድ ለውጭ ክፍያ ስለማይሠራ የዓመቱን የቤዝቦል የቀጥታ ስርጭት ደንበኝነት በእሱ ካርድ ከፈለልኝ። ከመጋቢት 2017 እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቶቴ ካለው ቤቴ ሆኜ የከተማውን ክለብ፣ ሲያትል ማሪነርስን፣ ስከታተል ከረምኩ። ከአሜሪካ የተመለሱ ሰዎች ሱቄ ሲመጡ ኔትወርኩ ይችለዋል ወይ፣ ገንዘቡንስ ያወጣል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቁት። በጨዋታው ወራት ሲያትል ከእኛ በ10 ሰዓት ወደኋላ ናት። እነሱ አመሻሽ ላይ የሚጀምሩት ጨዋታ ለእኛ ከሌሊቱ 10:40 አካባቢ ይገባል፤ እሁድ ቀን የሚጫወቱት ደግሞ ማታ 5:10። ሌሊት መነሳት ለማይከብደው ሰው የመጀመሪያው ይሻላል። ቡናዬን አፍልቼ እቀመጣለሁ፣ ሱቅ የምከፍትበት ሰዓት ሲደርስ ጨዋታው አልቋል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅልም ይረክሳል።

ምስሉ በከፍተኛ ጥራት ከታየ ጥቅሉን ጠራርጎ ይበላል፤ እኔ ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ነው የማየው፣ ኳሷም በደንብ ትታያለች። ኔትወርክ ሲደክም ወደ ሬዲዮ ስርጭቱ እዞራለሁ፤ ድምፁ ብቻ ስለሆነ በደካማ መስመርም አይቋረጥም። ከየትኛው ክለብ ወገን ያለውን ተንታኝ መስማት እንደምፈልግ መምረጥ እችላለሁ። ያመለጠኝን ጨዋታ ሙሉውን ወይም ተቆርጦ ያጠረውን አያለሁ፣ ውጤቱ አስቀድሞ እንዳይታየኝም መደበቅ ይቻላል። ስለ አገልግሎቱ ይኸው ነው፤ ምንም አላጓደለብኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያትል ስገባ ቤዝቦል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ምግብ የሚሸጥበት መስኮት ላይ ሥራ አገኘሁ። ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ስለምሠራ ጨዋታውን መጀመሪያ የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ያኔ ኢቺሮ ሱዙኪ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። ሰውነቱ ቀጭን፣ ዱላውም ቀጭን። ኳሷን ከስታዲየም ውጭ ልስደዳት አይልም፤ ተከላካይ በሌለበት ያስቀምጣትና ይሮጣል። በ2004 በአንድ የውድድር ዘመን 262 ጊዜ መትቶ ቤዝ ደረሰ (ቤዝ ሯጭ የሚያርፍበት ማቆሚያ ነው፤ ሁሉንም ዞሮ የተመለሰ ነጥብ ያስቆጥራል)፤ ከ1920 ጀምሮ በጆርጅ ሲስለር ተይዞ የነበረው የ257 ክብረ ወሰን ተሰበረ። ቤዝቦልን የተማርኩት ከዚህ ሰው ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መቺ ሁሉ የምመዝነው በእሱ ነው።

የክለቤ መቺዎች አሁን የሚያደርጉትን ላስረዳ፤ ጨዋታውን ለማያውቅም ይገባል። ወርዋሪው የወረወራትን ኳስ መቺው ከሳተ ወይም ጥሩዋን ሳይመታ ካሳለፈ ስትራይክ ይቆጠርበታል፤ ሦስት ከተቆጠረበት ይወጣል፣ ይህም ስትራይክአውት ይባላል። ሦስት ሰው ሲወጣ የቡድኑ የመምታት ተራ ያልቃል። ሁለት ሲቆጠርበት የድሮዎቹ እጃቸውን ወደ ዱላው መሃል ከፍ ያደርጋሉ፣ ዱላውን አሳጥረው ይሰነዝራሉ፣ ኳሷን መንካት ብቻ ይፈልጋሉ። ኳስ ከተነካች ተከላካይ ሊስት ይችላል፣ ሯጭም አንድ ቤዝ ይራመዳል። የእኛዎቹ ግን ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮባቸውም እንደ መጀመሪያው ውርወራ ሙሉ ኃይላቸውን ይለቃሉ። ከሁሉ የሚብሰኝ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የእኛ ሯጭ ቆሞ፣ ገና አንድ ሰው ብቻ በወጣበት ሰዓት ነው። ኳሷ ወደ ላይ ከፍ ብላ ሩቅ ላለ ተከላካይ እጅ እንኳ ብትገባ፣ ሯጩ ከዚያ በኋላ ሮጦ ነጥብ ያስቆጥራል። መቺው ይወጣል፣ ነጥቡ ግን ይገባል። በዚህ ሰዓት ስትራይክአውት ማለት ያለቀ ነጥብ መጣል ነው። አብራኝ የምታየው የእህቴ ልጅ፣ ኳስ አፍቃሪ ናት፣ አንድ ሌሊት እንዲህ አለችኝ፦ «አክስቴ፣ እነዚህ ሁሉም ከመሃል ሜዳ ጎል ሊያገቡ ነው እንዴ የሚመቱት?» ከዚህ የተሻለ የገለጸው ተንታኝ አልሰማሁም።

ነገሩ ያንድ ዓመት አይደለም። በ2010 ክለቡ ዓመቱን ሙሉ ያስቆጠረው 513 ነጥብ ብቻ ነበር። ፌሊክስ ኸርናንዴዝ በዚያው ዓመት የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት ሲወስድ ያሸነፈው 13፣ የተሸነፈው 12 ነበር፤ እሱ ቢወረውር ማን ነጥብ ያስቆጥርለት! በእሱ ቀን መስኮቴ ላይ ሆኜ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እሰማለሁ፣ እኛ ለመምታት ስንገባ ግን ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። በ2024 ደግሞ 1,625 ስትራይክአውት፤ ከሊጉ ክለቦች ሁሉ የበዛው የእኛ ነው። የምት አማካያቸው .224፣ ማለትም ከ1,000 ሙከራ 224 ብቻ። ወርዋሪዎቻችን በሊጉ ከምርጦቹ ነበሩ፣ 85 ጨዋታ አሸንፈን ግን በአንድ ጨዋታ ከጥሎ ማለፉ ቀረን። በነሐሴ አሰልጣኙ ተነሣ፣ የድሮው ታላቅ መቺ ኤድጋር ማርቲኔዝ የምት ኃላፊ ሆኖ መጣ። ያን ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የስታዲየሙ አየር ከባድ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነትም ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ኳስ አያስኬድም። በሌላ ከተማ ሆም ረን የምትሆን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር አልፋ መቺውንም ሯጮቹንም ነጥብ የምታስቆጥር ኳስ፣ እዚያ ተከላካይ እጅ ላይ ትወድቃለች። ታዲያ ለእኔ ይህ ሰበብ አይሆንም፤ ኳስ ሩቅ በማይሄድበት ሜዳ ዓመቱን 81 ጊዜ የሚጫወት ክለብ ኳስን ዝቅ አድርጎ መምታት ሊለምድ ይገባው ነበር።

የ2025ቱን ዓመት አመስግኜ ነው የምናገረው። ካል ራሌይ 60 ሆም ረን መታ፤ ከመቺው ኋላ ተቀምጠው የወርዋሪውን ኳስ ከሚቀበሉት ተጫዋቾች መካከል ይህን ያህል የመታ ኖሮ አያውቅም። ከቶሮንቶ ጋር ባደረግነው የግማሽ ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ራሌይ በስምንተኛው ዙር አቻ አደረገን፤ ወዲያው ዩጄኒዮ ሱዋሬዝ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ሳለ ኳሷን ከሜዳ አወጣት። ሰባት ሰዓት ላይ የጀመረ ጨዋታ ነበር፤ ጎረቤት እንዳልቀሰቅስ አፌን በነጠላዬ ይዤ ጮህኩ። ስለዚህ ሆም ረን አያስፈልግም የምል እንዳይመስላችሁ።

ሰባተኛው ጨዋታ ግን ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር፣ በእኛ ከሌሊቱ 9:08 ላይ። ያሸነፈ ወደ ዓለም ፍጻሜው ያልፋል፤ ማሪነርስ በ1977 ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ጊዜ እዚያ አልደረሰም። ሁሊዮ ሮድሪጌዝ ሆም ረን፣ ራሌይም ሆም ረን፣ 3 ለ 1 እየመራን ሰባተኛው ዙር ገባ። ቶሮንቶዎች በዚያ ዓመት .265 አማካይ ይዘው ከሊጉ ሁሉ ቀዳሚ ናቸው፣ ስትራይክአውታቸውም ጥቂት ነው። አንዱ ሳይመታ በነፃ አለፈ፣ ቀጣዩ አጠር ያለ ምት መታ። ሦስተኛው አንድሬስ ሂሜኔዝ ዱላውን አግድም ይዞ ኳሷን መሬት ላይ ጣላት፤ ራሱ ወጣ፣ ሁለቱን ጓደኞቹን ግን አንድ አንድ ቤዝ ወደፊት አሻገረ። ያን ጊዜ ሆዴ ተላወሰ። ቀጥሎ የገባው ጆርጅ ስፕሪንገር ሦስት ነጥብ ያስቆጠረ ሆም ረን መታ፣ 4 ለ 3 ሆነ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ስፕሪንገር ነው። እኔ ደጋግሜ የተመለከትኩት የሂሜኔዝን ምት ነው፤ ይህ አገልግሎት የሚያስመሰግነውም እሱ ነው፣ እየመለስኩ አየሁት።

ከዚያ እኛ በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ለመምታት ገባን። አንድ ነጥብ ብቻ ነው የጎደለን። ሦስት ሰው ገባ፣ ሦስቱም በስትራይክአውት ወጡ። የመጨረሻው ሁሊዮ ነበር፣ የምወደው ልጅ፤ በሙሉ ኃይሉ ሰንዝሮ ሳተ። ስልኬን ዘግቼ በሩን ስከፍት ነግቷል፣ አባ ኮዳዎቹ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ፍለጋ እየበረሩ ነው። ያን ቀን ሱቅ የከፈትኩት አርፍጄ ነው።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ፦ አገልግሎቱን ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ከዚህ ሆኜ፣ የሌላ ሰው ካርድ ሳልጠቀም፣ መግዛት ስላልቻልኩ ነው። ደንበኝነቱ ለአንድ ሰው ከከበደ ጓደኛሞች ተሰብስባችሁ አንድ ቤት እዩት። ዋይፋይ ያለው ቤት ካለ ከሞባይል ይሻላል፤ ሌሊት መብራት ስለሚጠፋ ስልኩን ሞልታችሁ ተቀመጡ። ጆሽ ኔይለር ለአምስት ዓመት ፈርሟል፤ ኳስ መንካት የሚያውቅ፣ በቀላሉ ስትራይክአውት የማይሆን ሰው ነው። ወንድሜን ደውዬ ለመጪው መጋቢት አድስልኝ ብዬዋለሁ፤ የእህቴ ልጅም የጥቅሉን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ ብላለች።