ጅማ ላይ በአካል ወይስ ከአዲስ አበባ በስልክ?

ጅማ ሆናችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስትፈልጉ ምርጫው ያው ሁለት ነው። እዚሁ በአካል፣ ወይም አዲስ አበባ ካለ ሰው ጋር በስልክ።

ወጪ። እዚህ፦ ከክፍያው ሌላ የባጃጅ ሂሳብ ብቻ። በስልክ፦ የ350 ኪሎ ሜትር መንገድ ይቀራል፣ ግን የኢንተርኔት ጥቅል አለ፤ የሰዓቱን ዋጋም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሚስጥር። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። በር ላይ ያየችህ ጎረቤት ማታ ቡና ላይ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ትልሃለች፣ ባለሙያው ራሱ የአክስትህ ልጅ ጓደኛ ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል። በስልክ ማንም አያይህም። ግን እናትህ ከግድግዳው ወዲያ ቡና እየቆላች ስለ እሷ እንዴት ታወራለህ? እኔ ግቢው ጥግ፣ አቮካዶው ሥር ተቀምጬ ነበር የማወራው። ኔትወርኩም ልክ ማልቀስ ስጀምር ይቆረጣል።

ቋንቋ። በአፋን ኦሮሞ ሆድህን መግለጥ የሚቀልህ ከሆነ እዚህ ይሻላል።

አደጋ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወይም ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ፣ ስልኩን ተዉትና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂዱ፤ የአእምሮ ሕክምና አለው። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ነው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለም። ጫት የምትቅሙ ከሆነም አትደብቁ፤ እንቅልፍ ማጣቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ወሬ የሚያስፈራው፣ ፈረቃ የሚሠራ፣ በስልክ ይጀምር። ቤቱ ጠባብ የሆነ፣ ወይም ፊት ለፊት ካላየ የማይወጣለት ሰው ግን እዚሁ ይሞክር።