ባለ 12 ሊትሩ ትንሽ ኦቭን፦ ከመግዛታችሁ በፊትና ከገዛችሁ በኋላ

መርካቶም ሆነ በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የተደረደሩት ርካሽ ትናንሽ ኦቭኖች የተለጠፈባቸው ስም ቢለያይም ሥሪታቸው በጣም ይቀራረባል። ገላቸው ስስ ቆርቆሮ፣ በራቸው መስታወት ነው፤ ከላይና ከታች ማሞቂያ ዘንጎች፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ማዞሪያዎች አሏቸው። ርካሽ የሆኑበት ምክንያትም እዚያው ይታያል፦ ግድግዳቸው ሙቀት የሚይዝ ሽፋን የለውም፣ በራቸው ነጠላ መስታወት ነው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያቸውም በጣም ቀላል ነው። ይህን አውቆ ለሚይዘው ሰው ባለ 12 ሊትሩ ለገንዘቡ ጥሩ ዕቃ ነው። ትልቅ ምድጃ ያነሰ መስሎት የሚገዛው ግን ላዩ የከሰለ፣ መሀሉ ሊጥ የሆነ ዳቦ ያወጣል።

መጀመሪያ ስለ መጠን። ባለ 9 ሊትሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት መምረጫ የላቸውም፤ ያላቸው ታይመርና ላይ ወይም ታች የሚል መምረጫ ብቻ ነው። ዳቦ ለመጥበስ ይበቃሉ፣ ለመጋገር ግን አንመክራቸውም፤ እስኪጠፉ ድረስ ያለማቋረጥ ስለሚግሉ ኬክ የሚፈልገውን የተረጋጋ ሙቀት አይሰጡም። ሦስት ማዞሪያ ያለውን ፈልጉ፦ አንዱ ከ100 እስከ 250 ዲግሪ የሚሄድ ሙቀት፣ ሁለተኛው የላይ ብቻ፣ የታች ብቻ ወይም የሁለቱም ዘንጎች መምረጫ፣ ሦስተኛው ታይመር። ታይመሩ 60 ደቂቃ ቢሆን ይሻላል፤ 30 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ድፎ ላይ ሁለት ጊዜ መሙላት ግድ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳይሰካ የታየ ኦቭን አትግዙ። ሻጩ ይሰካላችሁና መምረጫውን በየተራ አዙራችሁ ሁሉም ዘንጎች መሥራታቸውን እዩ። ዘንጎቹ ነጭ የመስታወት ቱቦ የሚመስሉ ኳርትዝ ከሆኑ በሰከንዶች ውስጥ ብርቱካናማ ሆነው ይበራሉ። ጠቆር ያሉ የብረት ዘንጎች ከሆኑ ግን ለመጋል ደቂቃዎች ይፈልጋሉ፤ ሳይቀሉም ሊያሞቁ ስለሚችሉ እጃችሁን በሩ አጠገብ አድርጋችሁ ሙቀቱን ፈትሹ። ኳርትዙ ቶሎ ይሞቃል፣ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ በሚኒባስ ተጭኖ የሚሄድ ከሆነ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን መከላከያ አታውጡ። ቀጥሎ ወረቀት በበሩ ጠርዝ አስገብታችሁ ዝጉና ሳብ አድርጉት። በአንዱ ጥግ ያዝ አድርጎ በሌላው ጥግ ያለ ምንም ትግል ከወጣ በሩ ጠማማ ነው፤ በዚያ በኩል የሚቀመጥ ዳቦ ሁልጊዜ ነጭ ይሆናል። ከጀርባ ያለውን ጽሑፍም አንብቡ፦ 220–240 ቮልት፣ ዋቱ ደግሞ ለዚህ መጠን ከ800 እስከ 1000 አካባቢ። 1000 ዋት በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። ለዚህ ሽቦው 0.75 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የሆነ ገመድ ይበቃል፤ ወደ 1500 ዋት ለሚጠጉት ትላልቆች ግን 1 ካሬ ይሻላል። ገላው ብረት ስለሆነ ስፒናው የመሬት መስመር ያለው መሆን አለበት። ሁለት እግር ብቻ ባለው አስማሚ መሰካት ያንን መስመር ይቆርጠዋል፤ አንድ ሽቦ ውስጥ ላይ ቢላላና ገላውን ቢነካ የሚይዘው የነካውን ሰው ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ስለሚልከው ኦቭን ለብቻ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ዕቃ በዚህ ምክንያት ይቃጠላልና። የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። 1200 ዋት የሚለው ኦቭን የዘንጎቹ ሬዚስታንስ 12 ኦም ነው። ያው 12 ኦም 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ከ4000 ዋት በላይ ይስባል። ዘንጎቹ ያን ስለማይችሉ በደቂቃ ውስጥ ይበጠሳሉ፣ ወይም ገመዱ ይቀልጣል። ትራንስፎርመር ይፈታዋል የሚል ካለ፣ ለ1200 ዋት ቢያንስ የ2000 ዋት ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እሱም ከባድ ነው፣ ዋጋውም ከርካሽ ኦቭን ጋር የሚወዳደር ነው። ዘመድ የሚልክ ከሆነ ኦቭኑን ትቶ በውስጡ የሚንጠለጠል የሙቀት መለኪያ ይላክ። ትንሽ ናት፣ ኤሌክትሪክ አትፈልግም፣ ጥቅሟ ግን ትልቅ ነው።

ቤት ሲገባ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ስልክ፣ ማቀዝቀዣና ካውያ የተሰበሰቡበት ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኦቭኑን በዚያው መስመር ላይ መሥራት ብሬከሩን ይጥላል። ብሬከሩ ባይወድቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ኦቭኑን ከግድግዳና ከመጋረጃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ላስቲክ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ ላዩ ላይም ምንም ነገር አይደረደር።

የመብራት መውረድ የሚያመጣውን ጣጣ ብዙ ሰው በኦቭኑ ያሳብባል። ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ነው፦ 220 የነበረው ምሽት ላይ ወደ 190 ከወረደ 1000 ዋቱ 750 ገደማ ይሆናል። ትናንት በ30 ደቂቃ የበሰለው ዛሬ 40 የሚፈልገው ለዚህ ነው። መብራት ሲቋረጥም ታይመሩ አይቆምም፤ በጠመዝማዛ ብረት የሚሠራ ሰዓት ስለሆነ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ መብራት የጠፋበትን ደቂቃ አስታውሱና ሲመጣ ያንኑ ያህል ጨምሩ። ኬክ ከሆነና የጠፋው ከሩብ ሰዓት በላይ ከሆነ ግን መሀሉ ይሰምጣል፤ በዚህ ጊዜ መጨመር ብዙ አያድነውም።

ከምግብ በፊት ባዶውን አቃጥሉት። ካርቶን፣ ላስቲክና ተለጣፊ ወረቀት ሁሉ ይነሳ፤ ትሪውና ፍርግርጉ ይታጠቡና ይድረቁ። ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ በ250 ዲግሪ፣ በላይና በታች ዘንግ፣ ለ15 ደቂቃ ያለ ምንም ነገር አስነሱት። ይጨሳል፣ ይሸታልም፤ የፋብሪካው ዘይት ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላም የሚሸት ከሆነ፣ በተለይ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከሆነ፣ ወደ ሱቁ መልሱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ወደ ሙቀቱ ውሸት እንምጣ። መቆጣጠሪያው ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆበት የተሠራ ምላስ ነው፤ ሲሞቅ ጎብጦ መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ያገናኛል። የሚቀመጠው ምግቡ ካለበት ክፍል ውጭ፣ ከማዞሪያው ጀርባ ነው። ስለዚህ የሚለካው የግድግዳውን ሙቀት እንጂ የውስጡን አየር አይደለም። 180 ላይ ሲዞር ውስጡ ከዚያ በ20 ወይም በ30 ዲግሪ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋልላል። ዘንጎቹ መጀመሪያ ሲጠፉ ኦቭኑ ደርሷል ብላችሁ አትመኑ፤ ጠፍተው፣ በርተው፣ እንደገና ሲጠፉ ነው ግድግዳው በደንብ የሚሞቀው። ይህም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል።

የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው በስኳር ይፈትን። የጠረጴዛ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ ዘርግታችሁ ቀድሞ በሞቀ ኦቭን መሀል፣ ማዞሪያው 175 ላይ ሆኖ፣ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ ነጭ ሆኖ መቅረት አለበት። አዲስ ስኳር አድርጋችሁ ደግሞ በ190 ሌላ 15 ደቂቃ ሞክሩ፤ አሁን መቅለጥ አለበት። በ175 ከቀለጠ ኦቭናችሁ ከቁጥሩ በላይ ይግላል፤ በ190ም ካልቀለጠ ከቁጥሩ በታች ነው። በ10 ዲግሪ እየቀነሳችሁ ወይም እየጨመራችሁ እውነተኛውን ቦታ ስታገኙ ማዞሪያው ዙሪያ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ግማሹ ችግር ይቀልለታል።

ዳቦ ለመጥበስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ቁራጮች ፍርግርጉ ላይ አድርጉ፤ ላይና ታች፣ 230 ዲግሪ፣ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። ለእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ታይመሩን መጀመሪያ ከ10 አሳልፋችሁ ወደ 4 መልሱት፤ በቀጥታ 4 ላይ ሲዞር ጠመዝማዛው በቂ ጉልበት ስለማያገኝ ሳይደወል ሊቆም ይችላል። የኋላው በኩል ከበሩ በኩል ይልቅ ስለሚሞቅ ለማንኛውም ነገር በግማሽ ጊዜው ትሪውን አዙሩት።

ትንሽ ድፎ ያምራል፣ ግን ልኩ መከበር አለበት። 300 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 190 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ለ18 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ ይህ ይበቃል። ሊጡ ከመጋገሪያው ግማሽ አይለፍ፤ ተነፍቶ የላይኛው ዘንግ ጋ ከደረሰ ላዩ ይከስላል። ኮባውን ጠርጋችሁ እሳት ላይ አለስልሱትና ከመጋገሪያው አፍ የሚተርፈውን ሁሉ ቁረጡ፤ የተንጠለጠለ ኮባ ዘንግ ነክቶ ይቀጣጠላል። ላዩን በኮባ፣ ከዚያ በፎይል ሸፍኑ፤ ፎይሉ ዘንግ አይንካ። መጋገሪያውን ፍርግርጉ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ትሪው ላይ፣ በታችኛው መደብ አስቀምጡት፤ ድርብ ብረቱ ቂጡን ከማረር ያድነዋል። 180 ዲግሪ፣ 35 ደቂቃ፣ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃ ላዩን ገልጣችሁ።

የውጭ አገር የምግብ አሠራር መጻሕፍት ዳቦው መሀሉ 95 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያንን 95 እየጠበቁ ዳቦውን የሚያደርቁ ብዙ ናቸው። መሀሉ 90 ሲደርስ በቅቶታል። በዚሁ ምክንያት ለኬክ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ፣ በእያንዳንዱ ኩባያ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ጨምሩ። ካልተቀነሰ ኬኩ ቶሎ ተነፍቶ ይወድቃል።

ለሌላው አጠር አድርገን እንለፈው። 400 ግራም ድንች 1.5 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ሳይደራረብ፣ በ200 ዲግሪ 35 ደቂቃ። የዓሣ ፊሌቶ ዘይት ተቀብቶ በ200 ዲግሪ 12 ደቂቃ። ያደረ ሳምቡሳ በ180 ዲግሪ 6 ደቂቃ፣ እንደ አዲስ ይንኮሻኮሻል። ቡና ግን አትቁሉበት፤ የማያቋርጥ ማማሰል ይፈልጋል፣ ገለፈቱም ዘንግ ላይ ወድቆ ይቃጠላል። እንጀራም አያሞቅም፣ ያደርቀዋል።

ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጡት ብልሽቶች ጥቂት ናቸው። የላይኛዎቹ ዘንጎች ሁለቱም አንድ ላይ ከጠፉ ሁለቱም ተቃጥለዋል ማለት አይደለም፤ በአንዳንዶቹ በተከታታይ ስለተገናኙ የአንዱ መበጠስ ሁለቱን ያጠፋል። ስፒናው ተነቅሎ በኤሌክትሪክ መለኪያ (መልቲሜትር) ሲፈተሽ የተበጠሰው ምንም ንባብ አይሰጥም። ርዝመቱንና በላዩ የተጻፈውን ዋት ይዛችሁ ተመሳሳዩን ግዙ። ዘንጎቹ ጨርሶ የማይጠፉ ከሆነ የመቆጣጠሪያው ምላስ ተጣብቋል፤ እስኪቀየር ድረስ አትጠቀሙበት። የፍርፋሪ ትሪው በየሳምንቱ ይራገፍ፤ ፎይል አታልብሱት፣ የታችኛውን ሙቀት መልሶ ዘንጎቹን ያግላል። መስታወቱን ሲቀዘቅዝ ብቻ፣ በቤኪንግ ሶዳና በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ 20 ደቂቃ አቆይታችሁ ጥረጉት። ዘንጎቹን ውሃ አይንካቸው።

ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ ለኮንዶሚኒየም ኩሽና፣ ባለ ሦስት ማዞሪያውን ባለ 12 ሊትር እንመክራለን። አራት ሰውና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ፣ ወይም በዓል ሲመጣ 1 ኪሎ ዱቄት ለሚጋግር ሰው፣ ይህ አይበቃም፤ ባለ 30 ሊትሩን ይግዛ፣ ከዚያ በፊት ግን የሚሰካበትን መስመር ኤሌክትሪሺያን ይይለት።