ካርዱ ይቆይሽ፣ መጀመሪያ ልጁን ልየው

ባለፈው ሐሙስ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። የዘጠኝ ወር ልጄ ሲያስለው ሰንብቶ ድንገት ትንፋሹ ተለወጠብኝ። ልብሱን ስገልጠው ደረቱ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ስንሮጥ መንገዱ አልገፋ አለኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ቀድሞ የታየኝ የካርድ ሰልፍ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቋን ልጄን ሌላ ቦታ ወስጄ፣ ትኩሳት እያነደዳት ካርድ ለማውጣት ተገትሬ ነበር። ያ ቀን ዛሬም ከሆዴ አልወጣም።

አሁን ግን ተረኛዋ ነርስ «ካርዱ ይቆይሽ፣ መጀመሪያ ልጁን ልየው» አለችኝ። ልብሱን ገልጣ፣ ሰዓቷን እያየች፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። 64! በሱ ዕድሜ 50 ከደረሰ ፈጣን እንደሚባል ነገረችኝ። የእግሩ ጣት ላይ መለኪያ ሰካች፤ በደሙ ያለው ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ነው። ወዲያው ኦክስጅን ተደረገለት። የሳንባ ምች ነበር። ካርዱን ባለቤቴ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሆስፒታሉ አዲስ አሠራር ልጆችን በመጡበት ተራ አያይም፣ በሕመማቸው ክብደት እንጂ። ትንፋሽ ያጠረው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ራሱን የሳተ፣ ተቅማጥ ያደረቀው እዚያው ይያዛል። ከሁለት ወር በታች የሆነ ጨቅላ፣ ክፉኛ የከሳ፣ እግሮቹ ያበጡ ልጅም ከሰልፉ ፊት ይቀርባል። ከኛ ቀድማ የመጣች እናት ልጇ ጉንፋን ብቻ ስለነበረው እንድትጠብቅ ሲደረግ ቅር አላት። ነርሷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ለምን እንደሆነ አስረዳቻት። ሥራ በዝቶባት ሳለ ይህን ማድረጓ ልቤን ነካው።

የሚቀረው ነገር አለ። ከድንገተኛ ወጥተን አልጋ እስክንይዝ ከሰዓት ሆነ። ሕክምናው አልተቋረጠም፤ ግን ምን እንደምንጠብቅ የነገረን የለም። ይህንንም ለክፍሉ ኃላፊ ነግሬያለሁ፣ በደንብ አዳምጠውኛል።

እናቶች፣ ልጃችሁ ጡት እምቢ ካለ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ፈዝዞ አልነቃ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው እስኪነጋ አትጠብቁ። የክትባት ካርዱንም ያዙ።

ሰኞ ወጣን። ዛሬ ጠዋት የነጠላዬን ጫፍ እያኘከ ሲስቅ ነበር። ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ልጆችሽ ይባረኩልሽ።